እናቴ የነበረችበት ሽፋን

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። "ትልቁን ሰዓት አየሽው? ቤተ መንግሥቱስ እንዴት ነው?" ይሉኛል። አላየሁም ስላቸው ያዝኑልኛል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ለንደን መሄዴንም የተጠራጠሩ ይመስለኛል። እኔ ለንደን ሄጄ ያየሁት አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ፣ በአውቶቡስ ውስጥ የሰው ጀርባና የአጎቴን ሳሎን ነው። ቢሆንም ሰፈርተኛው ስላላስቀመጠኝ፣ አብዛኛውም መቼም እዚያ ስለማይሄድ፣ የሆነውን ከመነሻው እስከ መመለሻው ልጽፈው ተነሣሁ። ደስ የሚል ወሬ የሚጠብቅ ሰው ግን ካሁኑ ቢተወው ይሻለዋል።

እኔ ጉለሌ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥ ሴት ነኝ። መስከረም ሲጠባ ዋናው ገበያዬ የደብተርና የመጽሐፍ መሸፈኛ ነው። ላስቲክ አለኝ፣ ቡናማ ወረቀት አለኝ፣ አቅም ለሌለው ጋዜጣም አለኝ። እኔ ዘንድ ያልተሸፈነ መጽሐፍ ልብስ ያልለበሰ ልጅ ማለት ነው። ይህን የምናገረው ኋላ የመጣብኝ ጣጣ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጋሽ መንገሻ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ሥዕል ሊማሩ ለንደን ሄደው፣ አገር ሲታመስ እዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከሉሊት ጋር ነው የሚኖሩት። ሉሊት እዚያው የተወለደች፣ አማርኛዋን ከቤት ውስጥ የለቀመች ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት ደውላ፣ "ዳዲ ዓይኑ እየሄደ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ነይና ይይሽ። ቪዛውን እኔ አፕላይ አደርግልሻለሁ" አለችኝ። ስልኩን ጋሽ መንገሻ ተቀብለው፣ ስመጣ እናቴ ዘንድ የነበረችውን መጽሐፋቸውን እንዳመጣላቸው ለመኑኝ፤ እሳቸው ዘንድ የነበሩት ቅጂዎች ቤት ሲቀያይሩ ጠፍተውባቸዋል። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

መጽሐፏን አውቃታለሁ። በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ነበር የምትቀመጠው። ትንሽ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ናት። እናቴ በቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ሸፍና፣ ካሌንደሩን በሙጫ ለጥፋዋለች። ፊት ለፊቷ ላይ ቅዱስ ገብርኤል ስለነበረ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የፈረንጅ የጸሎት መጽሐፍ ትመስለኝ ነበር። እናቴም "የወንድሜ ናት፣ እንዳትነኪ" ከማለት በቀር ያለችኝ ነገር የለም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ መጀመሪያ ያወጣኋት ለዚህ ጉዞ ነው። ካሌንደሩ ቢጫ ሆኖ ተበጣጥሷል፣ ጀርባዋ ተሰንጥቋል፣ ገጾቿ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። እንዲህ ያለ ቅራቅንቦ ለሽማግሌ ይዞ መሄድ ነውር ነው ብዬ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ወደሚጠርዝልኝ ወደ አቶ ደምሴ ወሰድኳትና "አሳምርልኝ" አልኩት። አሳመራት። ቀይ ዳማ ደረቅ ሽፋን አልብሶ፣ ጫፏን አስተካክሎ ቆርጦ፣ በወርቅማ ፊደል "መንገሻ" ብሎ ጽፎ አስረከበኝ። እውነቴን ነው፣ ስቀበለው ሳምኳት። በአዲስ ነጠላ ጠቅልዬ ከእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ቦሌ ላይ ሻንጣዬ ከበደ ተባልኩና ሽሮ እንድቀንስ ተደረግሁ። አውጥቼ ለሸኘችኝ እህቴ ስመልስ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ምክር ሰጪ ሆነ፤ አንዱ ሽሮውን ተይና በርበሬውን ያዥ ይላል፣ ሌላዋ እዚያም አገር ሽሮ ሞልቷል ትላለች። ፈታሹ ደግሞ የእጅ ቦርሳዬን ከፍቶ ነጠላውን ፈታና መጽሐፏን አገላብጦ አየ። "ቆንጆ አድርጎ ጠርዞታል" አለኝ። በኩራት አውሮፕላን ውስጥ ገባሁ።

ዓርብ

ማለዳ ላይ ለንደን ደረስን። መውጫው ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ቀይ ኮት የለበሰች የሐበሻ ልጅ እጇን ስታውለበልብ አየሁና ሮጬ አቀፍኳት፤ ጉንጯን እያገላበጥኩ ሳምኳት፤ አለቀስኩም። እሷም አጸፋውን መለሰችልኝ። ለካ የምትጠብቀው ከአሥመራ የምትመጣ አክስቷን ኖሯል፤ ሉሊት ከጎን ቆማ እየሳቀች ታየናለች። ልጅቱ ግን ምንም አልከፋትም፤ እንዲያውም ጋሪዬን እስከ ባቡሩ ድረስ ገፋችልኝ።

ባቡሩ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር አይነጋገርም። እኛ ዘንድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ፌርማታ ሳትሄጂ የሰውየውን የሆድ ዕቃ ታውቂያለሽ። እዚህ ግን ጉልበታቸው ተነካክቶ እንኳ ዓይናቸው አይገናኝም። እኔ ለአንዲት ሴትዮ ጤና ይስጥልኝ ብዬ ራሴን ዝቅ ባደርግላት ደንግጣ ቦርሳዋን አቀፈች። ሉሊት "ተያት ባክሽ" አለችኝ።

ዊልስደን የሚባለው ሰፈራቸው ስንደርስ ዋናው መንገድ ላይ የፖላንድ ዳቦ ቤት፣ የሶማሌ ሻይ ቤት፣ የስልክ ጠጋኝ፣ አትክልት በደጅ የሚዘረጋ ቱርክ ተደርድሯል። ለካ ለንደን የሚሉት መርካቶን ነው፤ ዝናብና ጸጥታ ተጨምሮበት። ቤታቸው ከአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ነው። ጋሽ መንገሻ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። ጉንጬን በመዳፋቸው ይዘው ፊታቸውን ወደ ጎን ዘወር አደረጉ፤ ቅር ያላቸው መሰለኝ። "አይክፋሽ፣ ከመሐል ያለው ነገር ጠፍቶብኛል፤ ዳር ዳሩን ነው የማየው። ሰው ለማየት ከሰው ዞር ማለት አለብኝ" አሉኝ።

ሉሊት የሠራችው ፓስታ በበርበሬ ቀረበ። ዕቃዬን ሳልፈታ፣ ሻዩ እስኪፈላ አላስችለኝ አለና ነጠላውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብለው ፈቱት። ሽፋኑን ዳሰሱት። ጠርዙን ዳሰሱት። ገልጠው የመጀመሪያውን ገጽ በጣታቸው ዳሰሱት፣ እንደገና ዘግተው ጀርባውን ዳሰሱት። ፈገግታዬን ይዤ ምርቃት እጠብቃለሁ።

"ሽፋኗስ?" አሉ።

"አዲስ ነው ጋሼ። አስጠርዤልዎት ነው። ስምዎትም አለበት።"

"አሮጌውን ነው የምልሽ። ሥዕሉን።"

የምን ሥዕል እንደሚሉኝ አልገባኝም። ካሌንደሩን መስሎኝ፣ ገብርኤልማ ተቀዶ እንደነበር ነገርኳቸው። ጋሽ መንገሻ ምንም ሳይቆጡ፣ ለእንግዳ እንደሚያወሩት አድርገው አስረዱኝ። ሥዕል ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የተገኘላቸው ሥራ የርካሽ መጻሕፍት ሽፋን መሳል ነበር፤ ስለ ጠፈር፣ ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረት፣ ስለ ሮኬት የሚያወሩ ልብ ወለዶች። ይህቺ ስለ አንድ የጨው ፕላኔት የምታወራ ናት። በሽፋኗ ላይ በቢጫ ሜዳ ላይ አንድ የጠፈር ተጓዥ ቆሟል፤ በመስተዋት ቆቡ ውስጥ ያለው ፊት ደግሞ የእናቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ትተዋት የሄዱት ታናሽ እህታቸው። ሞዴል የሚከፍሉበት ስለሌላቸው ከልባቸው አውጥተው ሣሏት። መጽሐፉ ሲታተም አንዱን ላኩላት። እሷም በጠባብ የጠፈር ልብስ ከነፊቷ ስትታይ የንስሐ አባቷን አፈረችና በገብርኤል ሸፈነችው፤ ይህንንም በደብዳቤ ጽፋላቸው ነበር።

እናቴ በልጅነቷ የተነሣችው አንድም ፎቶ የለንም። እኔ የማውቃት ከወለደችን በኋላ ነው፤ ከነድካሟ፣ ከነሻሿ። ፊቷ ዕድሜዬን በሙሉ ከነጠላዎቿ ሥር ተኝቶ፣ እኔ ነኝ ወስጄ ለመቀስ የሰጠሁት።

ጋሽ መንገሻ ወርቃማውን ፊደል በጣታቸው ፈልገው አገኙት። አሳታሚዎቹ ስማቸውን አንድም ጊዜ ጽፈውላቸው እንደማያውቁ ነገሩኝና፣ "ስሜ መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ይሄ መጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ።

ቅዳሜ

እንደነቃሁ አቶ ደምሴ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩ እንኳን ሊያሳስበው፣ ገርሞት ሰማኝ። የሚጠርዘውን ሁሉ መጀመሪያ አሮጌ ሽፋኑን ገንጥሎ ነው የሚጀምረው፤ ሥራው እንደዚያ ነው፤ እኔም ስንት ዘመን ሥራ ሰጥቼው ሽፋን መልስ ብዬው አላውቅም። ብጣሹን ደጃፉ ላይ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ወስዳ ከሰል እንደምታቀጣጥልበት ነገረኝ። "ምነው፣ ጠረዛው ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። የለም፣ አምሯል አልኩና ዘጋሁት።

ሉሊት ቁጭ ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። "ኦንላይን ቼክ ላድርግ፣ ሰው ይሰበስባቸዋል እኮ፣ እነዚህን አሮጌ ሳይንስ ፊክሽኖች ለከቨራቸው ብለው የሚገዙ አሉ" አለችኝ። የመጽሐፉን ርዕስ ካስጠረዝኩት ገልብጣ ጻፈች። ሌላ ሽፋን ያላቸው ወጡ፤ የጋሽ መንገሻ ግን የለም። ለሻጮች መልእክት ላከችና ተያይዘን ወጣን።

ዊልስደን መንገድ ላይ ለበጎ አድራጎት አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ሰዉ ያልፈለገውን ልብስ፣ ሰሐን፣ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ይሸጣሉ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሻጭ ገና ከሩቅ "ምን ልስጥሽ?" ብሎ ይይዝሻል፤ የለኝም ካለሽም ከጓደኛው ሮጦ ያመጣልሻል። እዚህ ማንም አይጠይቅሽም። አንገቴን አዙሬ የመጻሕፍቱን ጀርባ ጀርባ ሳይ ዋልኩ። ሽፋኖቹን ግን አየሁ፤ ሮኬት በመብረቅ መሐል፣ በባሕር ላይ የምትወጣ አረንጓዴ ጨረቃ፣ ስምንት እግር ያለው ነገር የያዛት ሴት። ድሮ ቢሆን "ምን ዓይነት ጉድ ነው" ብዬ አልፈው ነበር። አሁን እያንዳንዱን ስመለከት፣ ይሄስ የማን እህት ይሆን እላለሁ።

ወደ ማታ ሉሊት ዳቦ ልትገዛ ስትገባ እኔ ከፊቴ የቆመው አውቶቡስ የኛ ነው ብዬ ገባሁ። የኛ አልነበረም። ሹፌሩ ሕንዳዊ ሽማግሌ ነው፤ ፊቴን አይቶ ገባው። የሉሊትን ስልክ ካሳየሁት ወረቀት ላይ አይቶ ደወለላትና፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ከራሱ ብርጭቆ ሻይ አጠጥቶኝ እስክትመጣ አብሮኝ ጠበቀ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ይቆጨኛል።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መንገሻ አንድ ሰው ትዝ አላቸው። ስቶክዌል የሚኖሩ፣ በተማሪነታቸው ዘመን የሚያውቋቸው ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ እመቤት ናቸው። ያን ጊዜ ከመጽሐፏ አንዱን ሰጥተዋቸው ነበር። በመሬት ውስጥ ባቡር ተሳፍረን ሄድን። ወይዘሮ አልማዝ ከፎቅ ወርደው ተቀበሉን፤ ጋሽ መንገሻን በአንድ ክንዳቸው፣ እኔን በሌላው ደግፈው አወጡን። የሳቸው አማርኛ የኔ እናት ወጣት ሳለች የነበረው አማርኛ ነው፤ "እንደምን ሰነበትሽ እንግዳዬ" ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ምሳው ላይ ብሉልኝ፣ አፈር ስሆን የሚለው ሁሉ እንደ አገር ቤት ነው። መጽሐፏን ስንጠይቅ ግን ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። አስታወሷት። ባለፈው ዓመት ከሰፊው ቤት ወደዚህ ጠባብ ሲዛወሩ፣ ልጃቸው ዕቃ ስትቀንስ፣ መጻሕፍቱን በካርቶን ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጥታዋለች። "ልጅቷ ግን ዓይኔ ላይ አለች። መስተዋት ውስጥ ሆና ሰው የምትጠራ ትመስል ነበር" አሉን። የቱ ሱቅ እንደሆነ ልጃቸውን በስልክ ጠየቁ። ሱቁ ተዘግቷል።

ስንወጣ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አይተው የራሳቸውን ካፖርት አለበሱኝ። እምቢ ብል "ለመንገሻ መጽሐፍ እንኳ አላቆየሁለት፣ ይሄን ተቀበይኝ" አሉኝ። ለበስኩት። በባቡሩ ውስጥ፣ መጽሐፏን ሳላስጠርዝ፣ ከነብጥስጣሿ፣ ከነገብርኤሏ አምጥቻት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መንከራተት ባልኖረ እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሉሊት ሥራ ሄደች። እኔ የተረፈችውን ሽሮ ልሠራ ምድጃው ዘንድ ቆምኩ። ሽንኩርቱን ጠበስ እንዳደረግሁ ጣሪያው ላይ ያለ ነገር መጮህ ጀመረ፤ ለካ ጭስ ሲያይ የሚጮህ ደወል ነው። ድስቱን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ከታች ያለው የልብስ ንጽሕና ቤት ሰውዬ ሮጦ መጣና በመጥረጊያ እንጨት መታ አድርጎ ዝም አሰኘው። ጋሽ መንገሻ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሽሮውን እየበላን አጫወቱኝ። አሳታሚው መጽሐፉን አያስነብባቸውም ነበር፤ "የጨው ፕላኔት፣ ሁለት ፀሐይ፣ አንድ ተጓዥ" ብሎ በስልክ ይነግራቸውና በሳምንቱ አምጣ ይላቸዋል። እሳቸውም አገር ቤት በተማሪነታቸው ያዩትን ዳሎልን ሣሉለት፤ ቢጫውን መሬት፣ አረንጓዴውን ውኃ፣ የጨው ጉብታዎቹን። ሰውየው ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ብሎ ተገረመ። አገሬ ነው ቢሉት ቀልድ መሰለው። ዋናውን ሥዕል አልመለሱላቸውም፤ ኋላም ሽፋን ሁሉ ፎቶግራፍ ሆነና ሥራው ቀረ። ባቡር ጣቢያ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። ሉሊት አባቷ ሠዓሊ እንደነበሩ ትሰማለች እንጂ ከእጃቸው የወጣ አንድ ነገር አይታ አታውቅም።

"እንዲያው አንድ ጊዜ፣ አንቺም እሷም ስታዩት በሰማሁ" አሉኝ። ከራሳቸው ዓይን ተስፋ የቆረጡ ይመስለኛል።

ማክሰኞ

ጠዋት ለሉሊት መልስ መጣላት። ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ ያለ አንድ ሻጭ፣ ሽፋኑ እንደዚያ የሆነ አንድ መጽሐፍ አለኝ ብሎ ጽፏል። ሉሊት ከሥራ ቀረች። ጋሽ መንገሻ ከረባታቸውን እንደገና አሰሩ፤ እኔ ነኝ ያስተካከልኩላቸው።

ፊንስበሪ ፓርክ ባቡሩም አውቶቡሱም ሰዉም የሚተረማመስበት ነው፤ መገናኛን ያየ ሰው አይደነግጥም። ሱቁ ከአንድ የአልጄሪያ ኬክ ቤት በላይ ሆኖ ደረጃው እንደ ቆጥ መውጫ ቀጥ ያለ ነው። ጋሽ መንገሻ ሊወጡት አልቻሉም። ኬክ ቤቱ ውስጥ ሻይ አዘንላቸው፣ እኔና ሉሊት ወጣን።

ሰውየው ሹራብ የለበሰ፣ ጺማም እንግሊዛዊ ነው። መጽሐፏን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ አዘጋጅቷታል። በላስቲክ መሆኗን ሳይ፣ የኔ ቢጤ ሰው ነው ብዬ ወደድኩት። ሁለቱ ፀሐዮች አሉ። ቢጫው ሜዳ አለ፤ በርግጥም ዳሎል ነው። ተጓዡም ቆሟል። በመስተዋት ቆቡ ውስጥ ግን ፊት የለም። ጥቁር ነው፣ ከዋክብት ተንጸባርቀውበታል።

ሉሊት ጠየቀችውና እየተረጎመች ነገረችኝ። ይህ ሁለተኛው ኅትመት ነው። በመጀመሪያው ላይ የሴት ፊት ነበረ፤ የመጽሐፉ ጀግና ወንድ ስለሆነ አሳታሚዎቹ ኋላ በጥቁር ቀለም አስደፍነውታል። የመጀመሪያውን በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ሸጦታል፤ ለማን እንደሸጠው አያስታውስም። ማን እንደሣለውም አይታወቅም አለ። "አባቴ ነው። ታች ቁጭ ብሏል" አለችው ሉሊት። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ወርጄ እጃቸውን ልጨብጥ አለ። ሉሊት፣ ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ቀን አመጣዋለሁ ብላ ለመነችው። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ መጽሐፏን ሰጠን።

ደረጃውን ስንወርድ ምን እንደምንል አልተማከርንም። ጋሽ መንገሻ እግራችንን ሰምተው ወደኛ ዞረዋል።

"አገኛችሁ?"

"አግኝተናል" አልኩ።

መጽሐፏን ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በዓይናቸው ጥግ ተመለከቷት። ፀሐዮቹን በጣታቸው ነኩ፣ ሜዳውን ነኩ። ከዚያ ጣታቸው መሐሉ ላይ መጥቶ ቆመ።

"እዚህ ጋ ነው የማይታየኝ። እንዴት ናት?"

"ደህና ናት" አልኩ።

"ደህና ናት ምን ማለት ነው? እያየሽ ንገሪኝ እንጂ።"

ሉሊት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ያንን ጥቁር ክብ እያየሁ፣ የማውቃትን እናቴን መናገር ጀመርኩ። ግንባሯ ሰፊ ነው አልኩ። አዎ አሉኝ። ፊቷ ሞላ ያለ ነው አልኩ።

"የለም፣ ያኔ ከሲታ ነበረች። ደህና አድርገሽ እይ።"

"እውነትዎን ነው፣ መስተዋቱ አሳሳተኝ። ከሳ ያለ ነው።"

ጸጉሯን ጠየቁኝ። ሹሩባ ነው አልኩ። ተቆጡ። ሹሩባ አይደለም፤ ያን ዘመን አፍሮ አበጥራ አባታቸው ሦስት ቀን ሊያነጋግሯት እምቢ ብለው ነበር። አፍሮ! እናቴ፣ ሻሽ ሳታስር ደጅ የማትወጣው እናቴ። አዎ አፍሮ ነው፣ ቆቡ ደፈጠጠው እንጂ አልኩ። ቅንድቧን ነገርኳቸው፣ አረሙኝ። ጉንጯን ነገርኳቸው፣ አረሙኝ። ሉሊትም ጎንበስ ብላ "አፍንጫዋ ያንተን ይመስላል ዳዲ" አለች። የአባታችን ነው አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

"ከንፈሯስ?" አሉኝ መጨረሻ ላይ። "ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ?"

እሱን ከየት ላምጣው? ከእናቴ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ግን የትኛው እንደሚቀድማት አላውቅም።

"ሁለቱንም ይመስላል" አልኩ።

ጋሽ መንገሻ መጽሐፏን ደረታቸው ላይ አስደገፉ። "አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ እንደዚያ ነበረች" አሉ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበርና የኬክ ቤቱ ሰው ሳንጠይቀው ሌላ አመጣልን።

ረቡዕ

አመሻሹ ላይ መሄዴ ነው። ሻንጣዬን ስዘጋ ጋሽ መንገሻ መጽሐፏን ከነላስቲኳ ይዘው መጡ። ለርስዎ ነው እንጂ ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ግን ቆርጠዋል። እኔ ባየሁላቸው ዓይን አይተዋታል፤ ይበቃቸዋል። ከእንግዲህ የኔ ልጆች አያታቸውን ይዩ። እሳቸው ያቺን በወርቅማ የተጻፈችዋን ያስቀራሉ። ሉሊት ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች። ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከረባት አስረዋል፣ አልቻልኩም።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሉሊት ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ማታውን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነገረችኝ። "ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ያደረግነው?" አለችኝ። አቅፌ ሳምኳትና ገባሁ።

አሁን ጉለሌ ነኝ። የወይዘሮ አልማዝ ካፖርት በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ለዚህ አገር ይከብዳል። መጽሐፏን ለልጆቼ አሳየኋቸው። ልጄ አገላበጣት፣ መብራቱ ዘንድ ወሰዳት፣ ላስቲኩንም አውጥቶ አያት። "እማዬ፣ እዚህ እኮ ማንም የለም" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከዚያ ከሲታ ነበረች፣ አፍሮ ነበራት፣ ከንፈሯ እንዲህ ነበር እያልኩ ስነግራቸው አንድ በአንድ ወደየሥራቸው ሄዱ።

እሑድ ጋሽ መንገሻ ደወሉ። ስለ ጤናም ስለ ዝናቡም አልጠየቁኝም። "ልጆቹ አዩዋት? ምን አሉ?" አሉኝ።

"አዩዋት ጋሼ። አንቺን ትመስላለች አሉ" አልኳቸው። ተመስገን ብለው ዘጉ። እኔም ስልኩን አስቀምጬ፣ እናቴ ያረፈች ዕለት እንኳ ያላለቀስኩትን ልቅሶ አለቀስኩ።